በቡና ጆንያ የተደገፈ ግድግዳ

ቤቱ ይወድቅብኛል ብሎ የሚሰጋ ነጋዴ በኢሉባቦር አላጋጠመኝም፤ ነጋዴ የሚሰጋው ግንበኛ የመጣበት ቀን ነው! ይህን የምለው ከሜዳ ተነስቼ አይደለም፤ መቱም ጎሬም ዞሬ ጠይቄያለሁ። አሮጌዎቹ ሱቆች ጎን ለጎን ተደጋግፈው የቆሙ ናቸውና መልሱ አንድ ነው፤ «መጀመሪያ ጎረቤቴ ያጠናክር፤ የእኔ ቤት የተደገፈው በእሱ ነው።» ጎረቤትየውን ስትጠይቁት ደግሞ... ገምቱት።

እኔ የምኖረው መቱ ገበያ ዳር፣ የቡና ነጋዴው ሐጂ ኡስማን ባከራዩኝ ክፍል ነው። ከመጋዘናቸው የሚለየኝ አንድ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። በዚህ ክረምት መሬት ነቅነቅ ስትል ያ ግድግዳ ከማዕዘኑ ተላቀቀና ወደ መጋዘኑ አጋደለ። በስንጥቁ በኩል እኔ የሐጂን ሚዛን አያለሁ፤ ሐጂም አልጋዬን ያያሉ።

ግንበኛው ገመቹ ተጠራ። ክንዱን እስከ ክርኑ ስንጥቁ ውስጥ አስገብቶ አወጣና፣

«ማዕዘኑ በእንጨት ይታሰር፤ በመጋዘኑ በኩል የድንጋይ ድጋፍ ይቁም። ሌላ ጊዜ ብትነቀነቅ ይችለዋል» አለ።

«ስንት ይፈጃል?» አሉ ሐጂ።

ነገራቸው። ሐጂ ወንበር ፈለጉ።

«በዚህማ ሌላ ቤት እሠራበታለሁ! ለመሆኑ ግድግዳው ሲጠነክር ቡናዬ ክብደት ይጨምራል?»

«አይጨምርም።»

ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ጋዜጠኛው፣ ኪራይ ትጨምራለህ?»

«አልጨምርም።»

«ታዲያ ለማን ብዬ ነው የማጠናክረው?»

«ለሕይወቴ ነዋ፣ ሐጂ!»

«እኔ ያከራየሁህ ክፍል ነው፤ ሕይወት አላከራየሁህም!»

ክፉ ሰው ግን አይደሉም። በማግስቱ ተሸካሚዎች ጠርተው የቡና ጆንያ ከወለል እስከ ጣሪያ ግድግዳው ላይ አስደረደሩ። «ራኮን ህንጂሩ፣ ችግር የለም!» አሉኝ፤ «ቡናው መቀመጫ አገኘ፣ ግድግዳው ድጋፍ።» ገመቹ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ግድግዳው ግን ቆመ። እኔም ተኛሁ።

መከራው የመጣው በሌላ በኩል ነው። ድንጋይ ዋጋው ወጣ ብሎ ማንም ከግድግዳው ነቅሎ አይሸጠውም፤ ቡና ግን...! በየጠዋቱ ወሬዬን ለአዲስ አበባ ለማስተላለፍ ስልክ ቤት ስለምሄድ የቡናን ዋጋ ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ። ስመለስ ሐጂ በር ላይ ይጠብቁኛል። አንድ ሰኞ ዋጋው ዘለለ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ሙያዬ እውነቱን መናገር ነው፤ አልጋዬ ያለው ደግሞ ከግድግዳው ሥር ነው።

«እህ፣ ገበያው እንዴት ነው?»

«ጨምሯል» አልኩ፣ በራሱ ላይ እንደሚመሰክር ሰው።

ከሰዓት በኋላ የጭነት መኪና መጋዘኑ በር ላይ ቆመ። ጆንያው እየተነሳ፣ እየተነሳ፣ ግድግዳውን የነካው የመጨረሻ ረድፍ ብቻ ሲቀር ፊቱ ተገትሬ ቆምኩ።

«ሐጂ፣ አሁንማ ገንዘብ አገኙ፤ ገመቹን ያስጠሩት!»

«ዋጋ በወጣበት ሰዓት ገንዘብ ድንጋይ ላይ ይፈሳል እንዴ? ያዮ ወርጄ ቡና እገዛበታለሁ እንጂ!»

«ዋጋ ሲወርድስ?»

«ሲወርድማ ገንዘቡ ከየት ይመጣል?»

ይህን ያህል ዘመን የገበያ ወሬ ስጽፍ ጉዳዩን እንዲህ በአጭሩ ያስረዳኝ ሰው የለም። ምን ላድርግ? በቅሎ ልገዛበት ያጠራቀምኩትን አውጥቼ የመጨረሻውን ረድፍ ራሴ ገዛሁት... ያውም እኔው በነገርኳቸው ዋጋ! ሐጂ መርቀው ሸጡልኝና ወዲያው ለጆንያዎቹ ማስቀመጫ ኪራይ ጠየቁኝ። እናም ዛሬ በመቱ ከተማ የአንድን ግድግዳ ሁለቱንም ወገን የተከራየ ሰው ብትፈልጉ እኔ አለሁላችሁ።

ትናንት ስልክ ቤት ደርሼ ተመለስኩ። ዋጋው እንደገና ጨምሯል። ሐጂ ሰምተው «አትሸጥም?» አሉኝ። አልሸጥም ልል አፌን ከፈትኩና... ዞር ብዬ ግድግዳውን አየሁት።

ለካ ይህን ያህልም አላጋደለም!