የትኛው ወገራ?

በዓለም ላይ ሰው የሚፈራው ብዙ ዓይነት ጠያቂ አለ። አንዱ ዳኛ ይፈራል፣ ሌላው ሐኪም። ጎንደር ላይ ሊያገባ ያሰበ ሰው የሚፈራው ግን ዘር ቆጣሪ ነው። በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ስምህን ስትነግረው የአባትህን ይጠይቃል፤ የአባትህን ስትነግረው የአያትህን። አምስተኛው ላይ ስትደርስ አንተን ላብ ያጠምቅሃል፤ እሱ ገና መሞቁ ነው።

የእኛ ሰፈር፣ የማራኪ፣ ዘር ቆጣሪ ክብርት ወይዘሮ የትነበርሽ ናቸው። ስማቸው ራሱ ጥያቄ ነው። የተከራየሁት ክፍል የእሳቸው ስለሆነ መሸሻ የለኝም። ሠላሳ ዓመት በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበሩ። አውራጃ ሲፈርስ፣ ወረዳ ሲከፈል፣ ቀበሌ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር ደብዳቤውን የመቱት እሳቸው ናቸው።

«መንግሥት ይቆርጣል፣ እኔ እተይባለሁ፣ ሕዝቡ በማግስቱ የሌላ አገር ሰው ሆኖ ይነሳል» ይላሉ።

ስለዚህ እሳቸው ዘንድ «ከወገራ ነኝ» ብሎ ማለፍ የለም። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ያወርዱና «የትኛው ወገራ? የንጉሡ፣ የደርጉ ወይስ የአሁኑ?» ይላሉ።

አንድ ቀን በሚኒባስ አብረን ወደ ፒያሳ ስንወርድ አጠገባቸው የተቀመጠውን ጎልማሳ «ከወዴት ነህ፣ ልጄ?» አሉት። የዘር ጥያቄ፣ በዚህ ዘመን! ረዳቱ ሂሳብ መሰብሰቡን ተወ። ሰውዬው «መውረጃዬ ደርሷል» ብሎ ወረደ። የወረደበት ቦታ ቤትም ሱቅም አልነበረም። እሳቸው ግን ከልባቸው አዘኑ። «ሸጋ ልጅ ነበር፤ አፍንጫው የእስቴ አፍንጫ ነው» አሉ።

ባለሱቁ በድሩ ደግሞ ከሩቅ ሲያያቸው ስልክ ጆሮው ላይ ይለጥፋል። ቤተሰቡ ስንት ትውልድ እዚሁ ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር እንደኖረ በኩራት ነግሯቸው ነበር። «ከአዲስ ዓለም በፊትስ?» አሉት። እስከ ዛሬ ስልኩን አልዘጋም።

ይህ ሁሉ ያስቀኝ የነበረው ዓይናዲስን ላገባ እስካስብ ድረስ ነው።

እኛ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት የተዛመደ አይጋባም። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ይቆጠራል፤ ቤተሰቦቻችንም ቆጠራውን ለማን እንደሚሰጡ አልተጨነቁም። እኔም መጀመሪያ አልተጨነቅሁም። የእኔ ዘር ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ነው፣ የእሷ ከዳባት።

«እትዬ፣ ምን ይቆጠራል?» አልኩ። «ወረዳችን ሌላ፣ ዞናችን እንኳ ሌላ ነው።»

«ዞኑን ለሦስት ሲከፍሉት እኔ ጡረታ ወጥቼ ነበር» አሉ፤ ሰው ሁሉ የተደናገረው በዚያ ምክንያት ይመስላቸዋል። «ድሮ ዳባት የወገራ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። የአያቶቻችሁ አገር አንድ ነው። ስማቸውን ከነዘመናቸው ጽፈህ አምጣ።»

ዓይናዲስ ዝርዝሯን ላከችልኝ። ከእኔው ጎን አድርጌ አነበብኩት። የእሷ አምስተኛ ቤት፦ ህሩይ፣ ጓሳ ሜዳ። የእኔ አምስተኛ ቤት፦ ህሩይ፣ ጓሳ ሜዳ። የእሷ እዚያው ላይ ይቆማል፤ ከህሩይ በላይ የሚያውቅ ከቤታቸው አልተረፈም። የእኔ አንድ ደረጃ ይቀጥላል፦ ንጉሤ።

ያደረግሁትን መናዘዝ አለብኝ። ህሩይን ሰርዤ አዲስ ወረቀት ላይ ገለበጥኩና ወሰድኩላቸው።

ወይዘሮ የትነበርሽ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ጣታቸው ቆመ።

«ይህ ንጉሤ ከክፉ ቀን በፊት ሞቷል ብለሃል።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ልጁ ግን ከክፉ ቀን በኋላ ተወልዷል። ሞቶ ነው የወለደው?»

ወረቀቱን ከእጃቸው ልወስድ ሞከርኩ።

«አንድ አያት ውጠሃል። ትፋው።»

ተፋሁት። የዓይናዲስንም ወረቀት ሰጠኋቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ብዙ ጊዜ አዩአቸው፤ ፊታቸው ላይ የፍርድ ቀን አየሁ። «አንድ ስም አንድ ሰው ማለት አይደለም። መንገዱ ተዘግቷል፤ ሲከፈት ጓሳ ሜዳ እንሄዳለን» አሉ። ሁለት ሳምንት ጠበቅን። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የዓይናዲስን ስልክ ባነሳሁ ቁጥር እህቴን የማናግር እየመሰለኝ ድምፄ ይሰልል ነበር።

መንገዱ ሲከፈት በሚኒባስ ወጣን። ኬላው ላይ ፈታሹ እሳቸው የዘር ቆጠራ የሚጽፉበትን ደብተር ገለጠ። ስም፣ ቀስት፣ ስም፣ መንደር፣ ቀስት። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይህ የምን ስም ዝርዝር ነው?»

«የሰው ነዋ» አሉ።

«የት ነው ያሉት?»

«ሁሉም ሞተዋል።»

ከኋላ አንዲት ሴት «ማርያም!» ስትል ሰማሁ።

«ማን ገደላቸው?»

«እርጅና» አሉት። «አንተስ ከወዴት ነህ፣ ልጄ?»

ፈታሹ ደብተሩን መልሶ «እለፉ» አለ።

ጓሳ ሜዳ ከአምባ ጊዮርጊስ በባጃጅ፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት በእግር ነው። የአገሩ ትልቅ ሰው ናቸው የተባሉትን አያ ምንዳዬን በራቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ወይዘሮ የትነበርሽ ደብተራቸውን አውጥተው፣ ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ፣ «የዚህ አገር የድሮ ድንበር በየት በኩል ነበር?» አሉ።

ድንበር! ሽማግሌው ተነስተው ገቡ። ሲወጡ ሦስት ወንዶች ልጆቻቸው ከነዱላቸው ከኋላቸው ነበሩ።

«ምነው እቴ፣ መሬት ልትለኪ ነው?»

«እኔ የምለካው የሞተ ሰው ነው፣ አያ። ይህ ልጅ ሊያገባ ነው።»

ዱላዎቹ ዝቅ አሉ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «ቁጠር» አሉኝ። እንደ ተማሪ ቆሜ ቆጠርኩ። ህሩይ ላይ ስደርስ አቋረጡኝ።

«የንጉሤ ህሩይ!» አሉ። «የእኛው ነው፤ ከጅረቱ ወዲህ።»

«የደስታን አባት ህሩይንስ ያውቁታል?» አሉ ወይዘሮ የትነበርሽ። ደስታ የዓይናዲስ አራተኛ ቤት ነው።

«እሱማ የለተ ማርያም ህሩይ ነው። የወዲያው። ድሮ ጅረቱ የሁለት ጭቃ ሹም ድንበር ነበር፤ ወዲያ አንድ ህሩይ፣ ወዲህ አንድ ህሩይ። በአንድ በሬ ተጣልተው ሳይታረቁ ሞቱ። ምኑን ይዛመዳሉ? የወዲያው ህሩይ እናትና አባት ከጭልጋ የመጡ ናቸው።»

መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ወይዘሮ የትነበርሽ እርሳሳቸውን ምላሳቸው ላይ ነከር አድርገው ጻፉ፤ ከዚያ ቀና አሉ።

«የትኛው ጭልጋ?»

«እትዬ!» ብዬ ጮህኩ። አያ ምንዳዬ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ከአይከል ወዲያ ነው እቴ፤ ልጁን አትግደይው» አሉ።

በሚኒባስ ስንመለስ፣ አምባ ጊዮርጊስን ካለፍን በኋላ መስኮቱን እያዩ ጀመሩ።

«እኔንም ቆጥረውኛል። አወቀ የሚባል ሰው ነበር። የአያቶቻችን መንደር ስም አንድ ሆነ፣ አንድ አያት ተባለልን፣ ጋብቻው ቀረ። ከአራት ዓመት በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ረቂቅ ደብዳቤ መጣ፦ ሁለቱ ገበሬ ማኅበራት ስማቸው አንድ በመሆኑ ሥራ ስለሚያደናግር፣ አንዱ ላይ፣ ሌላው ታች እየተባለ እንዲጠራ። ሁለት መንደር ነበር፣ ልጄ።»

«አወቀስ?»

«አግብቶ ሁለት ወልዷል።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ተየብኩት። በአራት ኮፒ። አንድ ፊደል አልሳትኩም።»

ያን ዕለት ደብተሩን እንዳይ ፈቀዱልኝ። ሰፈሩ ሰርግ ሰባሪ የሚላቸው ሴት በሠላሳ ዓመት ያስቀሩት ሁለት ጋብቻ ነው። ሌሎች ሊያፈርሱት ሲሉ ተራራ ወጥተው፣ ጅረት ተሻግረው ያተረፉት ሃያ ስድስት። እኛ ሃያ ሰባተኛ ሆነን ተጽፈናል።

ሰርጉ ለጥር ተቆርጧል። ትናንት ጥሪውን ሰጥቻቸው የት መቀመጥ እንደሚፈልጉ ጠየቅኋቸው፤ ከሴቷ ወገን ነው ወይስ ከወንዱ? መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ።

«ወንበሬን ድንበሩ ላይ አድርጉልኝ» አሉ።

እሺ አልኩ፤ መሐል ላይ፣ ከሁሉ በሚሻለው ወንበር። ለራሴ መፍራቱን ትቻለሁ። አሁን የምፈራው በግራና በቀኛቸው ለሚቀመጡት እንግዶች ነው።