ስድስቱ ኮምፒውተሮች በአንድ ለአምስት ሲደራጁ

በሆሳዕና ከተማ ከባጃጅ ሾፌሩ እስከ ቅቤ ነጋዴዋ ሰው ሁሉ በአንድ ለአምስት ተደራጅቶ ካለቀ በኋላ፣ ልማት ፊቱን ወደ ዕቃ ማዞሩ የማይቀር ነበር። ይህን ታሪካዊ ኃላፊነት የተሸከሙት የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ አቶ ወንዳፈረው ናቸው፤ ዕድሜ ይስጣቸው።

ነገሩን የጀመረችው ባለሙያዋ ነጂባ ነች። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ብላ ከኃላፊው ጀምሮ በመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች እጅ ላይ ሰዓት የሚመስል መለኪያ አስራ፣ ሰውነታቸው መቼ እንደሚነቃና መቼ እንደሚያንቀላፋ ስትከታተል ከረመች። መረጃው እንደ ጉድ በዛ። አንድ ኮምፒውተር ብቻውን ቢተነትነው ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ጽሑፏን የምታስረክበው ግን በወሩ መጨረሻ፣ ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ካለፋት ልፋቷን ውኃ በላው።

«ጋሼ፣ ሥራውን ለመሥሪያ ቤቱ ስድስት ኮምፒውተሮች ባከፋፍለው ጎን ለጎን እየሠሩ ቶሎ ይጨርሱልኛል» አለቻቸው።

አቶ ወንዳፈረው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ይሄማ የኛው አንድ ለአምስት ነው! ፈረንጅ ከኛ ነው የወሰደው!»

ወዲያው ስድስቱ ተደራጁ። መስኮቱ አጠገብ ያለው ኮምፒውተር፣ በፍጥነቱ ሳይሆን በጠራ አመለካከቱ፣ የቡድን መሪ ሆኖ ተመረጠ። በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ የጠዋቱ ግምገማ ሲጀመር አቶ ወንዳፈረው ሁሉንም አጠፏቸው።

«ምነው ጋሼ! ገና ግማሽ ላይ ናቸው፤ ከጠፉ እንደ አዲስ ነው የሚጀምሩት!»

«ስብሰባ ላይ ሥራ የሚሠራ አባል አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላየችም። እውነት ለመናገር ከስብሰባ ውጭም ብዙ አላየችም።

እንዲህ በየጠዋቱ እየጠፉ በየጠዋቱ እንደ አዲስ ጀመሩ። አንዱ ከጓደኞቹ ቀደም ብሎ ቢገኝ «ግለኝነት ታይቶበታል» ተባለ፤ መናገር ስለማይችል ሂሱን ነጂባ ዋጠችለት። የወሩ መጨረሻ ተቃረበ፤ ልጅቷ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም።

አላህ ደረሰላት። ድንቁ ተሞክሮ እንዲሰፋ አቶ ወንዳፈረው ለሦስት ቀን ወደ ሐዋሳ ተጠሩ። እሳቸው እዚያ ኮምፒውተርን በግምገማ እንዴት እንዳፈጠኑ ሲያስረዱ፣ እዚህ ስድስቱ ያለ አንዳች ስብሰባ ሥራቸውን ጨረሱ።

አቶ ወንዳፈረው ሲመለሱ ነጂባ ፈራ ተባ እያለች ቢሯቸው ገባች፤ ያለሳቸው ፈቃድ ማስረከብ አትችልም።

«ጋሼ፣ የሠራተኛው ሰውነት ከሌሊቱ ይልቅ ጥልቅ ዕረፍት የሚያገኘው... ጠዋት በግምገማ ሰዓት ነው።»

«ሁሉም?»

«አንድ ሰው ግን ከሁሉም ይብሳል» አለችና እጃቸው ላይ ያለውን መለኪያ አየት አደረገች።

አቶ ወንዳፈረውም መለኪያቸውን አዩት። ነጂባ ዲግሪዋ ከነደመወዟ ሲሄድ ታያት። ድንገት ፊታቸው በራ።

«ቶሎ አስረክቢው!» ብለው ሠራተኛውን ሰበሰቡና በኩራት አወጁ፤ «ጓዶች! ግምገማ ለጤና እንደሚበጅ በሳይንስ ተረጋግጧል። ከነገ ጀምሮ ከሰዓት በኋላም እንሰበሰባለን!»

ነቅቶ የነበረው ሁሉ አጨበጨበ።