ስምንት ግማሾች በአንድ ሊፍት

እኔ የሸሪዓ ፍርድ ቤቱ የሦስተኛ ፎቅ ችሎት ጸሐፊ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከወንበሬ ሳልነቃነቅ ያገለገልኩ ሰው፣ ሰው በትክክል የሚለካበት ቤት ከእኛ ቤት በቀር እንደሌለ በታላቅ ኩራት እመሰክራለሁ። ወንድ ስለሆንኩም ምስክርነቴ ሙሉ ነው።

ሌላው ዓለም ሰው ሲቆጥር አንድ ራስ ካየ አንድ ይላል፤ አለቀ። እኛ ግን የምስክር ክብደት መመዝገቢያ ቅጽ አለን። ወንድ ሲቀርብ አንድ፣ ሴት ስትቀርብ ግማሽ ብዬ እሞላለሁ። ግማሾቹ የፈለገውን ያህል ቢበዙ ደግሞ ከመካከላቸው ወንድ ከሌለ አይደመሩም፤ ባዶ ናቸው። ስምንት ግማሽ አራት ነው የሚል ካለ እሱ ሒሳብ ተምሮ ነው፤ እኛ የምንሠራው በሕግ ነው።

የዚህ ቅጽ ክብር ጎልቶ የታየው ልብስ ሰፊዋ በመጣች ጊዜ ነው። ሦስተኛ ሴት ልጇን በወለደች በማግስቱ ባሏ፣ የቆርቆሮ ነጋዴው፣ ማዋለጃ ክፍሉን በርግዶ ገብቶ አልጋዋ ግርጌ ቆመና፣ «ደግሞ ሴት? ፈትቼሻለሁ! ፈትቼሻለሁ! ፈትቼሻለሁ!» ብሎ ወጣ። ስድስት ወር ዞር ብሎ አላያትም። ከዚያ እናቱ አልጋ ያዙ። የሚያጥባቸው ሰው ሲጠፋ ሚስት እንዳለችው ትዝ አለውና፣ «መቼ ፈታኋት? ትመለስልኝ» ብሎ ድርቅ አለ።

ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ሌላ ከተማ፣ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አግኝታለች። ፋብሪካው ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ አይቀጥርም። እስከ ሐሙስ የፍቺ ወረቀት ካላቀረበች ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ እሷም ሦስት ልጆቿን ይዛ አማቷን ወደ ማጠብ ትመለሳለች።

ምስክር አላጣችም። አዋላጇና በዚያን ቀን እዚያው ክፍል ተኝተው የነበሩ ስድስት እናቶች መጡላት።

«የሰማሽውን ተናገሪ» አሏት ቃዲው አዋላጇን።

«ሦስቴ ሲፈታት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«በስንቱ ጆሮሽ?»

«በሁለቱም ነዋ!»

«ጸሐፊ፣ ግማሽ በል።»

አልኩ። ስድስቱም እናቶች ቃል ሳይለውጡ ያንኑ ተናገሩ፤ ስድስት ጊዜ ግማሽ አልኩ።

«በቦታው ወንድ አልነበረም?» አሉ ቃዲው።

«ጌታዬ፣ ማዋለጃ ክፍል እኮ ነው! ወንድ ብናስገባ እናንተው ናችሁ የምታስሩን» አለች አዋላጇ።

«የተወለደ ወንድ ሕፃንም አልነበረም?»

«አንድ ነበር። እሱም ያለቅስ ነበር።»

ቃዲው ጢማቸውን እየዳበሱ ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ እያለቀሰ በደንብ ላይሰማ ይችላል ብለው በታላቅ ጥንቃቄ ተውት። ይኼኔ አዋላጇ ትዕግሥቷ አለቀ። «ያንን ሕፃን በእነዚህ እጆቼ ነው የተቀበልኩት! እሱ ሙሉ፣ እኔ ግማሽ? አላህ ሙሉ አድርጎ የፈጠረኝን እናንተ ማን ናችሁና ነው የምትገምሱኝ?» ብላ ጮኸች። አስተያየት ስለሆነ አልመዘገብኩትም። ልብስ ሰፊዋ እስከ ረቡዕ ወንድ ምስክር እንድታመጣ ታዘዘች።

ችሎታችን ሁልጊዜ በምስክር ያስቸግራል ማለት ግን አይደለም። በዚያው ጠዋት አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው የሚኖሩ ሁለት ወንዶች በግብረ ሰዶም ተከሰው እስር ቤት ተልከዋል። ጎረቤታቸው ምንም አላየም፤ «አያያዛቸው አላማረኝም» ብቻ አለ። ወንድ ነውና ያላየውም ነገር ሙሉ ሆኖ ተመዘገበለት።

በዚያው ሳምንት የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ቅጹን የሚያጠናክር ሰርኩላር በተኑ፦ «በማንኛውም የመሥሪያ ቤቱ የሥራ ክፍል ሴት ግማሽ ሆና እንድትያዝ ጥብቅ መመሪያ ተላልፏል።» «በማንኛውም የሥራ ክፍል» የምትለዋ ለጽሑፉ ማሳመሪያ የገባች ነበረች። ጠቅላላ አገልግሎት ግን የተጻፈለትን እንዳለ የሚፈጽም ክፍል ነው። በማግስቱ መጠበቂያው ክፍል ለሁለት ሴት አንድ ወንበር ተደለደለ።

ረቡዕ ጠዋት ቃዲው ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቀድመው ሊፍት ገቡ። ነጋዴው ተከተላቸው። ወንድ ምስክር ያላገኘችው ልብስ ሰፊዋና ሰባቱ ምስክሮቿ በር ላይ ቆሙ። በሩ ላይ ከስድስት ሰው በላይ መጫን ክልክል ነው ይላል። የሊፍቱ ጥበቃ ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፤ በመመሪያ ቀልድ አያውቅም።

«ሁለት ወንድ፣ ሁለት። አራት ሰው ይቀረኛል። ስምንታችሁም ግቡ!»

«ኧረ ወንድሜ፣ አይበቃንም!»

«እናቴ፣ አራት ሰው ናችሁ አልኩ። ግቡ!»

ሊፍቱ ሕግ አልተማረም። ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቅ መካከል ሲደርስ ቀጥ አለ፤ መብራቱም ጠፋ። እኔ ሦስተኛ ፎቅ በሩ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ነበር።

«ዞር በይ! ምን ትጠጊኛለሽ?» የነጋዴው ድምፅ ነው።

«ሚስትህ አይደለሁም እንዴ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«የምን ሚስት! ያኔ ማዋለጃ ክፍል ሦስቴ ፈትቼሽ የለ እንዴ?»

ከዚያ የቃዲው ድምፅ መጣ፦ «አንተ ሰውዬ፣ እኔም እዚህ ነኝ እኮ!»

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ተጎትተው ወጡ። ነጋዴው ብርሃን እንዳየ ያለውን ካደ፤ ቃዲው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሰሙትን የሚክዱ ሰው አይደሉም። መዝገቡን ከነጸሐፊው ለጎረቤት ችሎት ለቀው ራሳቸው ምስክር ሆነው ቀረቡ።

«ከእርስዎ ሌላ የሰማ ወንድ አለ?» አሉ አዲሱ ዳኛ።

«የለም።» በር ላይ ጆሮ መለጠፍ ከሥራ ስለሚያሳግድ እኔ አቀርቅሬ ይህንኑ ጻፍኩ።

«እንግዲያው የተከበሩ ቃዲ፣ ፍቺ የሚጸናው በሁለት ወንድ ስለሆነ ብቻዎን ግማሽ ማስረጃ ነዎት። ሁለት ሴቶች ያሟሉዎት። ጸሐፊ፣ ግማሽ በል።»

ለቃዲያችንም ግማሽ አልኩ። ቃዲው ወደ አዋላጇ ዞረው፣ «እህቴ፣ እባክሽ...» አሉ። በዚያ ቤት ሴት ሲለምኑ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አዋላጇ ከአንዷ እናት ጋር መጥታ አጠገባቸው ቆመች።

«አይዞዎት፣ ይለመዳል» አለቻቸው።

ልብስ ሰፊዋ በዚያው ቀን ወረቀቷን ይዛ ሄደች። ደስ አለኝ፤ ደስታዬንም ማንም አላየብኝም።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። የሊፍቱን ብልሽት የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጥበቃው መመሪያ ፈጽሟል፣ ኃላፊው መመሪያ አውጥተዋል፣ ወንዶቹ ሁለት ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ከመጠን በላይ የከበዱት ሴቶቹ ሆነው ተገኙ። ስምንት የተከሳሽ መጥሪያ እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ።

«ጌታዬ፣ አራት አይደሉም እንዴ?» አልኳቸው ኃላፊውን።

«እሱ ለምስክር ነው። ስትከሰስ ሴት ሙሉ ናት።»

ስምንቱንም ላክሁ። በሳምንቱ ከፋብሪካው፣ በልብስ ሰፊዋ እጅ የተጻፈ መልስ መጣ፦ «መጥሪያው ደርሶናል። ሆኖም ስምንታችንም ብንመጣ ከመካከላችን ወንድ ስለሌለ አንደመርም፤ ብንመጣም ብንቀርም በቅጻችሁ ያው ባዶ ነን። ስለዚህ እንደመጣን ቁጠሩት።»

ቅጹን አውጥቼ ደመርኩት። ልክ ናት።