ባቡር የሌላቸው የጣቢያ ሹም

የተዘጋ ነገር ሁሉ አንድ ተራኪ አያጣም። የተዘጋ ሲኒማ ቤት ካለ፣ በሩ ላይ ቆሞ ስለ ወንበሮቹ የሚያወራ ሰው አለ። እኛ ሰፈር የተዘጋው ባቡር ጣቢያው ነው፤ ተራኪው ደግሞ የሚስቴ አጎት፣ ክቡር የጣቢያ ሹም ናቸው። ባቡር ካየን ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖናል። እሳቸው ግን ዛሬም ኮፍያቸውን ደፍተው መሳፈሪያውን ይጠርጋሉ።

ወሬያቸው ሁልጊዜ "ከመጀመሪያው ልንገርህ" ብሎ ይነሳል። መጀመሪያው የጥጥ ፋብሪካው ነው። ፋብሪካው ጥጡን የሚያወጣበት ሲያጣ፣ ከዋናው መስመር ተገንጥሎ እስከዚህ ድረስ ሀዲድ ተዘረጋለት። ከዚያ የመጀመሪያው ባቡር፣ ከዚያ ፉርጎ ውስጥ የተወለደችው ልጅ፣ ከዚያ ድልድዩን ጠራርጎ የወሰደው ጎርፍ። አንዲት ነገር አይዘሉም።

አንዴ ጥርሴን አሞኝ ሐኪም ቤት ስሮጥ መንገድ ላይ ያዙኝ፤ ድልድዩ እስኪፈርስ ድረስ ጉንጬን ደግፌ ቆምኩ። ነርሷ መርፌ ልትወጋቸው መጥታ፣ መርፌዋን እንደያዘች ጎርፉን ሰምታ ተመልሳለች። ሥጋ ሻጩማ ገና ከሩቅ ሲያያቸው ጓዳ ይገባል።

"ጋሼ፣ ይህን እኮ ነግረውኛል!" እላቸዋለሁ።

"ታዲያ የቱ ጋ ነው ያቆምነው?" ይሉኛል።

ባለፈው ወር ማዘጋጃ ቤቱ "ጣቢያው ይፍረስና መጋዘን ይሠራበት" ብሎ ስብሰባ ጠራ። ሰብሳቢው "አባት፣ አምስት ደቂቃ ተሰጥቶዎታል" አላቸው። ተነሱ፤ ኮፍያቸውን አወለቁ። ቃል ግን አልወጣቸውም።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ብድግ አልኩ።

"ነገሩ የሚጀምረው ከጥጥ ፋብሪካው ነው" አልኩ። "የመጀመሪያው ባቡር ስምንት ፉርጎ ነበረው..."

"ዘጠኝ!" አለ ሥጋ ሻጩ ከኋላ።

የልጅቷን መወለድ ነርሷ ተቀበለችኝ። ጎርፉ ላይ ስንደርስ አዳራሹ በሙሉ እየተሻማ ያወራ ነበር፤ ድልድዩ የፈረሰበትን ሰዓት የተሳሳተ አንድ ሰው አልተገኘም። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ፤ ደግሞ አየ። በመጨረሻ "እሺ፣ ለመጋዘኑ ሌላ ቦታ ይፈለግ" አለ። ዝም እንድንልለት ይመስለኛል።

ስንወጣ ጋሼ ክንዴን ያዙ። ሊያመሰግኑኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"ደህና ነው፤ ግን ትቸኩላለህ። ጎርፉን አበላሸኸው። ቅዳሜ ጠዋት ና፣ አብረን እናየዋለን።"

ቅዳሜ ያለችኝ አንዲት የእረፍት ቀን ናት። "ምን ዓይነት ሰው ናቸው!" እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ሚስቴን አሰለቸኋት። ቅዳሜ ጠዋት ከሳቸው ቀድሜ ጣቢያው መድረሴን ግን አልነገርኳትም።