ለጦጣ የቆሙ ሽማግሌ

አገር ቤት ተማሪ ሆኖ ያደገ ሰው "ወላጅ ይምጣ" የሚለውን ቃል ሰምቶ አይረጋጋም። እኛ ዘንድ ወላጅ ለምስጋና ተጠርቶ ያውቃል? መስኮት ካልተሰበረ፣ ጥርስ ካልወለቀ ማን ይፈልገዋል?

ስለዚህ ልጄ ሶልያና፣ "ዳዲ፣ ነገ ስኩል መምጣት አለብህ፤ ስለ መንኪና ስለ ወፍ ነው" ብላኝ ክፍሏን ስትዘጋ በላብ ተጠመቅሁ። ደስ ሲለኝ "አንቺ ጦጣ!" እያልኩ የምጠራት እኔው ነኝ። ፍቅር ነዋ! ግን ያንኑ በእንግሊዝኛ ለክፍል ጓደኛዋ ብላው ቢሆንስ? እዚህ አገር ሰውን ጦጣ ማለት ከትምህርት ቤት ያስባርራል። ወፍ ያለችውስ ማንን ይሆን? ልጠይቃት እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ። የፈሩት ይደርሳል ይሉ የለ? መድረሱን ከአፏ መስማት ፈራሁ።

የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወደተደረደሩበት ጎዳና፣ ወደ ፌርፋክስ ሮጥኩ። ጋሼ ታፈሰ እዚያ ከአንድ ሬስቶራንት መስኮት አጠገብ ተቀምጠው የተጣላውን ሁሉ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። ጉዳዩን ሰምተው፣ "መካድ የለም፣ ኦኬ? እኔ እናገራለሁ፤ አንተ አንገትህን ድፋ" አሉኝ።

በማግስቱ ስንደርስ ክፍሉ በወላጅ ተሞልቷል። ይሄ ሁሉ ሰው ልጁ የተሰደበበት ነው? ሶልያና ግን ሁለት ሥዕሎች ሰቅላ ታብራራለች፦ ይህች የኢትዮጵያ የጫካ ዘማሪ ወፍ፣ ያቺ የባሌ ጦጣ። ወፊቱን ሊቃውንቱ ዘመዶቿን መለየት ቸግሯቸው ከቤተሰብ ቤተሰብ ሲያዛውሯት ኖረዋል፤ ቢሆንም ለመጥፋት አታሰጋም። ጦጣዋ ዘመዶቿ ቢታወቁም የምትኖርበት ቀርከሃ እየተመነጠረ አደጋ ላይ ናት። "መጀመሪያ የመቀመጫዬን" ያለችው ዝንጀሮ እውነቷን ኖሯል።

ለካ የቤት ሥራ ነው! እፎይ ብዬ ሳልጨርስ ጋሼ ታፈሰ ብድግ አሉ። ከእንግሊዝኛው የያዟት "መንኪ" የምትለዋን ብቻ ስለሆነ ተራቸው የደረሰ መስሏቸዋል። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው በአማርኛ፣ "ልጅ ናት፤ ከቦታዋ አታባርሯት። ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ማሩልኝ" እያሉ ተማጸኑ።

ጦጣዬ ዓይኗን ሳታሽ ተረጎመችው፦ እኚህ አባት የባሌ ጦጣ ከጫካዋ እንዳትፈናቀል ይለምኗችኋል። ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። አስተማሪዋ እንባዋን ጠረገች።

ስንወጣ ጋሼ፣ "አየህ? ማሯት" አሉኝ። እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና፣ ፊታቸው ላይ ያለውን ደስታ አይቼ መልሼ ዘጋሁት።

ጋሼ ሽምግልናቸውን ለሰው ሁሉ አውርተው ኖሮ፣ ይኸው ዛሬ ፌርፋክስ ላይ መኪናዬን ባቆምኩ ቁጥር አንዱ መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ፣ "አይዞህ፣ ልጅ ናት፤ ትሻሻላለች" ይለኛል። ወፊቱ አታሰጋም። ጦጣዋም ጠበቃ አግኝታለች። ለመጥፋት የተቃረበው የእኔ ስም ነው።