ሕፃን በክንድ የሚመዝኑት እትዬ የብርጓል

አራስ ጥየቃ ገብቶ የሕፃኑን ኪሎ የማይገምት ጎረቤት ያለው ሰው ካለ እጁን ያውጣ። የለም! የእኛ የሹም አቦ ሰፈሯ ጎረቤት ግን ከሁሉም ይብሳሉ። ክብርት እትዬ የብርጓል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሳይሉ ሕፃኑን ብድግ ያደርጋሉ፤ ዓይናቸውን ጨፈን፣ ክንዳቸውን ከፍ ዝቅ፣ ከዚያ ፍርድ። «ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። እጄ አይዋሽም!» አንዴ ነርሷ ሌላ ቁጥር ብትጽፍ «ሚዛንሽን አሠሪ» ብለው ተቆጧት። ሚዛኑ እውነትም ተበላሽቶ ተገኘ።

እኔና ባለቤቴ ሔራን ስምንት ዓመት ልጅ አጥተን አዲስ አበባ ሕክምና ስንጀምር «ብቻችሁንማ አትሄዱም» ብለው ስንቅ ቋጥረው ተከተሉን። ሐኪሙ ከእኛ የተገኘው ፅንስ በረዶ ውስጥ ቆይቶ ወደ ማህፀን እንደሚገባ ሲያስረዳ የእሳቸው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «ስንት ኪሎ ይወለዳል?» ሐኪሙ ሳቀ። እንዲህ ያሉ ሕፃናት አንዳንዴ ከበድ እንደሚሉ፣ የእናቲቱን የወር ዑደት ጠብቆ ከማስገባት ይልቅ ማህፀኑ እንደ ሔራን በሆርሞን መድኃኒት ሲዘጋጅ ደግሞ ይበልጥ ሊከብዱ እንደሚችሉ ነገራቸው።

ሔራን የፈራችው ሌላ ነው። «ልጄን የፍሪጅ ልጅ ይሉብኛል» አለች። እትዬ የብርጓል እንዳይናገሩ በኪዳነ ምሕረት ማሉ። ስማችንንማ አልጠሩም! ግን ያወቁትን ይዞ መቀመጥ አያስችላቸውም፤ በእድሩ፣ በጽዋው፣ የዘጌ ጀልባ ላይ ሳይቀር «ከበረዶ የወጣ ሕፃን ይከብዳል» ብለው አስተማሩ።

«ኧረ እትዬ፣ ምን ነካዎት?» አልሁ።

«ስም ጠራሁ?» አሉኝ።

ልጃችን ተወለደ፤ አራት ኪሎ ከሦስት መቶ! ደስታዬን ሳልጨርስ የእትዬ የበረዶ ትምህርት ትዝ አለኝ። ኪሎውን ለማንም አልነገርንም። የገንፎው ቀን ሴቶቹ ቤታችንን ሞሉት። ሸዋዬ የምትባል ምላሰኛ ጎረቤታችን የልጁን ጉንጭ እያየች «እትዬ የብርጓል ይመዝኑታ!» አለች። ሔራን እጄን ጨበጠችው።

እትዬ የብርጓል አነሡት። እንደ ልማዳቸው ክንዳቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ።

«ሦስት ኪሎ ከመቶ» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ይህን የሚያህል ልጅ? አረጁ እኮ እትዬ!» ሠላሳ ዓመት ያልተሳሳቱት ሴትዮ «እርጅና ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረግ» ብለው አንገታቸውን ደፉ። ወሬው ሁሉ የእሳቸው መጃጀት ሆነ፤ ልጁን ልብ ያለው የለም።

በር ድረስ ስሸኛቸው እንባዬ መጣ፤ እንደ እናቴ እግራቸውን ልስም ጎንበስ አልሁ። ጆሮዬን ያዝ አድርገው አቀኑኝ።

«አራት ኪሎ ከሦስት መቶ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ትንፍሽ ብትል ወየውልህ!»