ምክትል ሸሪፍ ዴልበርት ድምፅ ሲለምኑ

ዕድሜ ልኩን ሕግ ሲያስከብር የኖረ ሰው “ምረጡኝ” ብሎ በር ማንኳኳት አይችልም። እጁ ለምዶበታል፤ ሲያንኳኳ ድምፅ የሚለምን ሳይሆን ሰው ሊያስር የመጣ ነው የሚመስለው። ለሸሪፍነት፣ ማለትም በሕዝብ ድምፅ ለሚያዘው የአውራጃው ፖሊስ አለቃነት፣ የተወዳደሩት የአውራጃችን ምክትል ሸሪፍ፣ ክቡር ዴልበርት ክራውስ፣ የቤቴን በር በቡጢ ሲደበድቡት ባለቤቴ “ደግሞ ምን አደረግክ?” ብላ አፈጠጠችብኝ።

ከፈትኩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው የምርጫ ወረቀታቸውን ሰጡኝና ወደ ግቢው ዞር አሉ።

“የመኪናህ የኋላ መብራት ተሰብሯል።”

“ድምፅ ሊለምኑ አይደል እንዴ የመጡት?”

“ነው። መብራቱን አስጠግን። ለራስህ ብዬ ነው።”

“ለራስህ ብዬ ነው” ብለው ያልቀጡት ሰው በአውራጃው የለም። በነጻነት በዓል ሰልፍ ላይ ተወዳዳሪዎች ከመኪና ሆነው ለልጆች ከረሜላ ይበትናሉ። እሳቸው ግን “ልጅ ጎማ ሥር ይገባል” ብለው ወረዱና በየተራ በእጅ ያድሉ ጀመር። የሙዚቃ ባንዱ፣ ትራክተሮቹ፣ የውበት ንግሥቷ ሳትቀር ከኋላቸው ፀሐይ ላይ ተገተሩ። ባለቤታቸው ማርሊን መስቀለኛው መንገድ ላይ የተከለችውን የምርጫ ሰሌዳቸውን ደግሞ “እይታ ይጋርዳል” ብለው ራሳቸው ነቀሉት።

“የራስህን ስም እኮ ነው የነቀልከው!” አለች ማርሊን።

“ስሜ ሰው ከሚያስገጭ ይቅርብኝ።”

ነገሩ የተበላሸባቸው ግን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ተወዳዳሪዎች በሕዝብ ፊት በተጠየቁ ዕለት ነው። ሰሜኑ መንገድ ዳር ብቻቸውን የሚኖሩት አሮጊት፣ ወይዘሮ ኢርማ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

“ዴልበርት ልጄ፣ አንተ ቢሮ ከገባህ ላሞቼ አስፋልት ላይ ሲወጡ ማን ሊመጣልኝ ነው? በረዶው ላይ ወድቄ ስቀር ማን ሊያነሣኝ ነው?”

ሰውዬው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያዞሩ ጀመር። ተፎካካሪያቸው ብሬት ሎውሪ ብልጥ ነው፤ ብድግ አለና “እኔ ካሸነፍኩ ዴልበርት ከመንገዱ አይነሡም!” አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አንዳንዶቻችን የዴልበርትን የምርጫ ምልክት ደረታችን ላይ እንደለጠፍን ነው ያጨበጨብነው።

ዴልበርት ተሸነፉ። ማንን እንደመረጥኩ አትጠይቁኝ፤ ብቻ ውጤቱን ስሰማ እፎይ አልኩ። ፊታቸውን እንዴት እንደማይ ግን ጨንቆኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በሰሜኑ መንገድ ስነዳ ጭጋጉ ውስጥ የፖሊስ መብራት ሲብለጨለጭ አየሁ። ክቡርነታቸው የወይዘሮ ኢርማን ላም ከአስፋልቱ ላይ እየገፉ ነው።

“ውጪ አንቺ! ለራስሽ ብዬ ነው!”

መኪናዬን አቁሜ ወረድኩ። “አዝናለሁ፣ ዴልበርት።”

“ተወው ባክህ። ትናንት ማታ ነው ገና ደህና እንቅልፍ የወሰደኝ። ያን የቢሮ ወንበር እያሰብኩ ስባንን ነው የከረምኩት።”

ይህን ብለው ቀስ እያሉ ወደ መኪናዬ ኋላ ሄዱ። አልደነገጥኩም፤ መብራቱን አስጠግኜዋለሁ። በጣታቸው መታ መታ አደረጉት፤ ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ። ዞረው ወደ ፊት መጡ።

“የፊቱ መስታወት ተሰንጥቋል” አሉ፣ ቆጣ ብለው።

ሰው ተቆጥቶኝ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።